አስር ወይስ አስራ አንድ

ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ዋናው እንግባ። ልጅቷ ጉንዳን ትባላለች፣ ልጁ መሰላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ አዳራሹ ነው ያወጣላቸው። እሷ አጭር ናት፣ ከያዘች አትለቅም። እሱ እጁን ሲዘረጋ ጣሪያ ይነካል። እኔ ደግሞ እትዬ ሙጫ ነኝ። የድንጋይ መውጫ ጫማ ሶል እየላጥኩ አዲስ እለጥፋለሁ። ሱቄ ልጆቹ ግድግዳ መውጣት ከሚለማመዱበት አዳራሽ በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። የነዚህን ልጆች ጉዳይ ከማንም በፊት የማውቀው ወሬ ስለምወድ ብቻ አይደለም። እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጫማ ራሱ ይናገራል።

እነዚህ ልጆች ገመድ የላቸውም። ከሁለት ሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ድንጋይ ይመርጡና፣ ከሥሩ ፍራሽ አንጥፈው፣ በጣታቸው ጫፍና በጫማቸው ጫፍ ይወጣሉ። ይቺማ ምን አላት ብላችሁ እንዳትንቁ። አምስት እርምጃ ለመውጣት አምስት ወር የሚወድቅ ሰው አለ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን «እነዚህ ልጆች ጤና አላቸው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ድንጋዩ ሁሉ ቁጥር አለው። አንድ ቁጥርን ሕፃን ይወጣዋል። አስር ላይ የሚደርስ በጣት ይቆጠራል፣ ከአስር በላይ ደግሞ በእኛ ደብተር ተጽፎ አያውቅም ነበር። ድንጋዩን መጀመሪያ የወጣው ሰው ስም ያወጣለታል፣ ቁጥርም ይሰጠዋል። ቁጥሩ ግን ሁለተኛ ሰው ወጥቶ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ አይጸናም። ሁለተኛው ምስክር ነው። በአዳራሹ በር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ደብተር አለ፣ ምስክሩ ቃሉን እዚያ ላይ ይጽፋል። የተጻፈ አይሰረዝም፣ የተሳሳተ ሰው ከሥሩ ይጽፋል እንጂ። እዚህ ቤት ውስጥ ከሌባ ይልቅ የሚናቀው ቁጥር የሚያጋንን ነው።

አነጋገራቸውም ለብቻው ነው። ጣቱ እየደማ የወጣ ሰው ምን ይላል መሰላችሁ? «እህ፣ ደህና ነች።» ግማሽ ዓመት ያንገላታችውን «ትንሽ ታስቸግራለች» ይላታል። ወድቆ የተመለሰ ደግሞ ፀሐዩ ነው ይላል፣ እርጥበቱ ነው ይላል፣ ጫማዬ ነው ይላል። ጫማዬ ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። ስንት ጊዜ እንደወደቀ የሚናገር ግን የለም፣ ነውር ነው። ቁስል ማሳየትም ነውር ነው፣ ጉራ ይሆናል። ይቺን ነውራቸውን ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ የምታመጣው እሷ ናት።

ጉንዳን ድንጋይዋን ያገኘቻት ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረው፣ ድሮ በተዘጋው ካባ ውስጥ ነው። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያ ካባ ሠርተዋል። ካባው ሲዘጋ ሥራው ወደ ፋብሪካ ዞረ፣ እሳቸውም አብረው ዞሩ። ጠራቢ ሁሉ በሠራው ድንጋይ ጥግ ላይ የራሱን ምልክት በመሮ ይመታል። የሳቸው ሦስት አጫጭር ጭረት ናት፣ የወፍ እግር የምትመስል። ተጠርቦ ያለቀው ድንጋይ በፋብሪካው ባለቤት ፊት ያልፋል። ባለቤቱ በቀይ ጠመኔ አንድ መስመር ካሰመረበት አንደኛ ደረጃ ነው፣ ሁለት ካሰመረበት ሁለተኛ። የወፍ እግር ያለበት ድንጋይ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ሰውየው ሙያ አንሷቸው አይደለም። ባለቤቱ ቆሞ አያይም፣ እየሄደ ነው የሚያሰምረው። እንግዲህ የዚያ ባለቤት ልጅ ማን መሰላችሁ? መሰላል ነው። ምን ታደርጉታላችሁ።

እንዴት እንደተዋደዱ አይቻለሁ። አንድ ከሰዓት እሷ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ እሱ ከሥር እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል። እጅ መዘርጋቱ ደንብ ነው፣ የሚወድቅን ሰው ወደ ፍራሹ ለመምራት ሁሉም ይዘረጋል። ሌላው ሰው ግን የሚያየው ጀርባዋን ነው። እሱ የሚያየው ፊቷን ነበር፣ አንገቱን አጣምሞ። እሷም ከዚያ ላይ ሆና ዘወር ብላ አየችውና እጇ አመለጣት። ሁለቱም ፍራሹ ላይ ወድቀው ሲስቁ «በቃ፣ እነዚህ አበቃላቸው» አልኩ። ስምንት ወር በቤተሰብ ሳይታወቅ እንዲሁ ቆዩ።

ከዚያ ጉንዳን ካባው ውስጥ ያለችውን ድንጋይ ወጣቻት። ሰባት ወር ፈጅቶባታል። ድንጋይዋ መሃል ላይ ወጣ ያለ ሆድ አላት። ጉንዳን ከሆዷ ሥር ጉልበቷን አጥፋ፣ ቀኝ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ፣ በግራ እጇ የማይታይ መያዣ በዳበሳ ፈልጋ ነው ያለፈችው። የዚያን ቀን ጉንጯ ተልጦ ቤት ስትገባ እናቷ «ማን መታሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ» ብለው ነጠላቸውን አነሱ አሉ። እሷ ግን በደስታ አልሰማችም። ደብተሩ ላይ «የአባቴ ድንጋይ» ብላ ስም ጻፈች፣ ከጎኑ «አስራ አንድ»።

ሳምንት ሳይሞላ መሰላል ሄዶ ወጣት። ሁለተኛው ሙከራው ላይ። መጥቶም ከሷ ጽሑፍ ሥር «ወጥቻታለሁ። ቆንጆ ናት። አስር» ብሎ ጻፈና ውኃ ሊጠጣ ሄደ። እሷ ገብታ አነበበችው። በሬ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም ሰማሁ።

«አስር?» አለችው።

እንዳይንሸራተቱ እጃቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ገና ከእጁ አልተራገፈም፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር። ምስኪን፣ የምሥራች የያዘ መስሎታል።

«ከምር ቆንጆ ናት» አላት። «አንቺ ነሽ ያገኘሻት፣ ታስቢዋለሽ? ስንት ዓመት ሰው በአጠገቧ አልፏል።»

«በየት በኩል ወጣህ?»

«ከሆዷ በላይ ያለውን ጠርዝ ይዤ።»

«እኔ እዚያ ጠርዝ ላይ ብዘልም አልደርስም።»

«አውቃለሁ። ግን ሰው ድንጋይን እንዳገኛት ነው የሚናገረው። እኔ ያገኘኋት አስር ነው። ላንቺ ብዬ ሌላ ቁጥር ብጽፍ ውሸት ይሆናል።»

ልክ ነው ደግሞ፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። በደንባቸው መሠረት ምንም ጥፋት የለበትም። ጉንዳን ድምጿን አላነሳችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባትህም እኮ አይዋሽም» አለችው። «ሁለት መስመር ሲያሰምር እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ነው የሚታየው። ቆሞ አላየውም እንጂ።»

ፈገግታው ጠፋ። «አባቴን ለምን ታመጪዋለሽ?»

«አንተ ነህ ያመጣኸው። ጠመኔውን ይዘህ ነው የመጣኸው።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «እኔ የወጣሁበትን መንገድ እስክታውቀው ድረስ ስሜን አትጥራ።»

በሩን ገፍታ ወጣች። ደብተሩ በሲባጎው ላይ ሲወዛወዝ ቀረ። መሰላል እጁን ሰድዶ አቆመውና እዚያው ቆሞ የራሱን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበው። ሁለቱንም ስለምወዳቸው የማንን ወገን እንደምይዝ ጠፋኝ፣ ሶል እየቆረጥኩ አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሰላል የተበላ ጫማ ይዞልኝ መጣ። አገላበጥኩት፣ ደግሜ አገላበጥኩት።

«ይኼ ያንተ ጫማ አይደለም» አልኩት።

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ በአውራ ጣትህ ነው የምትቆመው፣ ስንት ዓመት ለጥፌልሃለሁ። ይኼ ቀኙ በትንሿ ጣት በኩል ነው የተበላው። በዚያ በኩል ጫማ የምትጨርስ አንዲት ሰው ናት የማውቀው።»

ጆሮው ቀላ። ሀብታም ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ እኔን አንቱ ከማለት አንድ ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም፣ ሲያፍር ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። «እትዬ፣ እባክዎን ለማንም አይንገሩብኝ። ለሷማ በፍጹም።»

«ምነው? ብታውቅ ደስ አይላትም?»

«ካሁኑ ካወቀች ልመና ይሆናል። እየወደቅኩልሽ ነው፣ እዘኝልኝ ማለት ነው። መጀመሪያ በሷ መንገድ ልውጣት። ከዚያ እውነቱን እነግራታለሁ።»

«ካልወጣሃትስ?»

«ካልወጣኋት ቃሌን መለወጥ አልችልም። አስር እንዳልኩ ይቀራል።»

«እሷስ?»

ጫማውን አየ። «እሷም ትቀራለች።»

እኔ ሞኟ በዚያች ቅጽበት ሆዴ ባባና «በሟች ባሌ ይሁንብኝ፣ ትንፍሽ አልልም» ብዬ ማልኩ። ባሌን እወደው ነበር፣ ምን ነክቶኝ ነው በሱ የምምለው? በሌላ ብምል በሳምንቱ አፍርሼው እገላገል ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። እሱ በጠዋት ሰው ሳይመጣ ጫማውን ይጥልና ይሄዳል፣ አራት ጊዜ ሶል ቀየርኩለት። እሷ ከሰዓት ትመጣለች። የሱን ጫማ እንዳታየው መደርደሪያው ላይ ከኋላ ደበቅኩት። እሷም ወንበሬ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች «ሰው ይመጣል?» ትለኛለች።

«የቱ ሰው?»

«ዝም ብዬ ነው፣ እትዬ። ሥራ አለሽ ወይ ለማለት ነው።»

«ሥራ አለኝ» እላታለሁ። ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነው የምላት። እሷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትላለች፣ ወደ ደብተሩ ሳታይ ታልፋለች። ሳታይ ለማለፍ ስንት ጉልበት እንደሚፈጅባት ከጀርባዋ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ያ ዝናባማ ጠዋት መጣ። መሰላል በሻርፕ እስከ ጆሮው ተጠቅልሎ ገባ። ብርድ መስሎኝ «ጉንፋን ይዞህ ነው?» አልኩት፣ «አይ» አለ። የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ስትመጣ ይስጡልኝ። እኔ ካባው ጋ ነኝ፣ የቀረ ፍራሽ አለኝ፣ አጸዳድቼ እመለሳለሁ።»

ምን እንደጻፈ ሳላነብ ለመቆየት የደረሰብኝን ስቃይ እግዜር ነው የሚያውቀው። ደግነቱ እሷ ቶሎ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት፣ የእጁን ጽሑፍ ስታይ ቁጭ አለች። አነበበችው፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ጉንዳን፣ የአባትሽን ድንጋይ አንቺ በወጣሽበት መንገድ ወጣኋት። አስራ አንድ ናት። ተሳስቼ ነበር። ደብተሩ ላይ ሳልጽፍ አንቺ ቀድመሽ እንድታውቂ ብዬ ነው። መሰላል።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ይኼ ልጅ ሦስት ወር ሲፈጭ ከርሞ የጻፈው የፍቅር ደብዳቤ ነው ወይስ የውኃ ቆጣሪ ንባብ? ወደቅኩ የለ፣ ደማሁ የለ፣ ናፈቅሽኝ የለ። ነውራቸው እጁን ይዞት ነው።

«አልወጣትም» አለች ጉንዳን።

«ምን?»

«አልወጣትም፣ እትዬ። ያ ሁሉ ቁመት እዚያ ሆድ ሥር አይታጠፍም። እኔ ራሴ በግድ ነው የምገባው። በኔ መንገድ ለመውጣት እሱ ከኔ ይልቅ እጥፍ ይከብደዋል።»

«እና ለምን ይዋሻል?»

«አዝኖልኝ ነዋ። አንድ ቁጥር ልጨምርላትና ትመለስ ብሎ ነው።» ዓይኗ ሞላ። «አስር ያለውን እኮ ይቅር ብዬው ነበር። ቢያንስ እውነቱን ነው እያልኩ፣ ሲመጣ ምን እንደምለው እየተለማመድኩ ነበር። አንድ ነገር ነበረው፣ አይዋሽም። እሱንም ለኔ ብሎ ጣለው? ታዲያ ምኑን ነው የምወደው?»

እናንተ ሆይ፣ አፌ ተከፈተ። ባሌ ትዝ አለኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ሁለት ጊዜ ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁ። ከዚያ ተነሣሁና ከመደርደሪያው ኋላ ገና ሶሉን ያልቀየርኩትን የመሰላልን ጫማ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አጠገቡ እንድለጥፍላት የተወችውን የሷን አኖርኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ባሌ ምስክሬ ነው።

አየችው። አነሣችው። የቀኙን ጫማ በትንሿ ጣት በኩል በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ የራሷን ዳሰሰች።

«ጫማ ሌላ ድንጋይ ላይም ይበላል» አለች። አልለቀቀችውም ግን። «የት ነው ያለው?»

«ካባው ጋ ነው ብዬ አልነግርሽም፣ ምያለሁ።»

ጫማውን እንደያዘች ወጣች። ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳት። ሱቄን ሳልዘጋ የሄድኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ካባው ከአዳራሹ ጀርባ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ውኃ ቋጥሯል። የሷ ድንጋይ ከገደሉ ጥግ ሥር ስለሆነች ደርቃለች። መሰላል ፍራሹ ላይ ተንበርክኮ በብሩሽ መያዣዎቹን ከነጩ ዱቄት ያጸዳል። ሻርፑ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። እኔ ከኋላ የተጣለ ጥርብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ አሞኝ ነው እንጂ ለመስማት አይደለም።

«ደብተሩ ላይ እንዳትጽፍ» አለችው።

ብድግ አለ። ሦስት ወር ያላየው ሰው ሲያይ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ብሩሹን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣ።

«ለምን?» አላት።

«ምጽዋት ስለማልፈልግ። አባትህ ሳያይ ዝቅ ያደርጋል፣ አንተ ደግሞ ሳታይ ከፍ ታደርጋለህ። ለኔ ሁለቱም ያው ነው። ሁለታችሁም ድንጋዩን አላያችሁትም።»

«አይቻታለሁ።»

«አትዋሸኝ። የፈለግከውን በለኝ፣ አትዋሸኝ ብቻ።»

መሰላል ብሩሹን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሻርፑን ፈታ። ቀኝ ጉንጩ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ተልጧል፣ ገና ያልደረቀ ቁስል፣ ከሥሩ ደግሞ የቆየ ጠባሳ፣ ከሥሩ ሌላ። ለካ ብርድ አልነበረም።

ጉንዳን የያዘችው ጫማ ከእጇ ወደቀ። ቀርባ አገጩን ያዘችና ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጎንበስ ለማለት ተገደደ። «ስንተኛው እርምጃ ላይ?» አለችው፣ ድምጿ ቀጥኗል።

«አራተኛው።»

«አራተኛው ላይ ምን ይታያል?»

«ምንም። ጉንጬ ድንጋዩ ላይ ነው፣ ዓይኔ አይዞርም።» በጣቱ ከዓይኑ ሥር አመለከተ። «ከዓይኔ ሥር ያለው ብቻ ይታያል። ሦስት ጭረት። የወፍ እግር።»

እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። አባቷን ስለምትወድ ስም የሰጠቻት ነበር የሚመስለኝ። ለካ ምልክቱ እዚያው ነበር፣ አባቷ በወጣትነታቸው ከሆዷ ሥር የመቱት፣ ድንጋይዋ ሳትወሰድ ስትቀር አብሮ የቀረ። ቆሞ ሊያየው የሚችል የለም። ጉንጩን ለድንጋዩ ያልሰጠ ሰው በሕይወቱ አያየውም። ጉንዳን ደግሞ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

«እቤት ጓሮ በተደረደረው ድንጋይ ላይ ስንቱን የወፍ እግር ሳይ አድጌያለሁ» አላት። «ላዩ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ቀይ መስመር ነበረበት። ይቺኛዋ ምንም አልተሰመረባትም። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እጄ ላልቶ ወደቅኩ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተጋድሜ፣ በሩ ላይ ያልሽኝ ምን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።»

«ለምን አልጻፍክልኝም? ያን የመሰለ ደረቅ ወረቀት ከምትልክ።»

«ምን ብዬ? ጉንጬ ተላጠ ብዬ?»

«አዎ! ጉንጬ ተላጠ ብለህ!» ደረቱን በጡጫ መታችው፣ እዚያው ግንባሯን አስደገፈችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። አይጠየቅም፣ አውቃለሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«ስንት ጊዜ ወደቅክ?»

አስራ ስድስት ዓመት እነዚህን ልጆች ሳውቃቸው ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ቁስል ውስጥ እጅ መክተት ነው። መሰላል ወደ ላይ አየ፣ ወደ ድንጋይዋ፣ ከዚያ ወደ እሷ አናት።

«መቶ ስድሳ ሦስት» አላት።

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየሁትም። «እኔ ሁለት መቶ አስር» አለችው። «ለአባቴም ነግሬው አላውቅም።»

«አስር ሆና ባገኛት አስር ብዬ ነበር የምጽፈው» አላት። «አንቺን ባጣም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እሱን ነው የምወደው። እሱኑ ነው ያጣሁት መስሎኝ የነበረው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ዞርኩ። ወሬ እወዳለሁ እንጂ ባለጌ አይደለሁም።

ስንመለስ መንገድ ላይ መሰላል ሌላም ነገረን። ትናንት ምሳ ላይ አባቱ ፊቱን አይተው ምን እንደሆነ ጠይቀውት ነበር። እሱም ሁሉንም ተናገረ፣ ድንጋይዋን፣ ልጅቷን፣ የማን ልጅ እንደሆነች። «የወፍ እግሩ ልጅ ናት። ያ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛ ነበር፣ አባዬ። አንተ ቆመህ አላየኸውም።» እናቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምን አሉ?» አልኩት እኔ፣ ከጉንዳን ቀድሜ።

«ምንም። ኪሱን ዳበሰ፣ ጠመኔውን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ከጠረጴዛ ተነሥቶ ሄደ።»

ጉንዳን እጁን ጨበጠችው። በአንድ ምሳ ሰው አይለወጥም፣ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ጠመኔውን አይተውታል፣ እኔ ለዛሬ ይበቃኛል አልኩ።

አዳራሹ ደርሰን መሰላል ደብተሩን ያዘ። የድሮውን «አስር» አልሰረዘም። ከሥሩ ጻፈ፦ «ቆንጆ ናት ያልኩት ልክ ነበር፣ አስር ያልኩት ተሳስቼ ነበር። አስራ አንድ። 163 ጊዜ ወድቄ።» ጉንዳን እስክሪብቶውን ተቀበለችውና ከጎኑ «210» ብላ ጨመረች። በሩ ላይ የቆሙት ልጆች አንገታቸውን አስግገው አነበቡት። በማግሥቱ ከሁሉም የሚኮራው አንዱ፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ሻይ የሚጠጣው፣ ዘወር ዘወር ብሎ አየና ድሮ ከጻፈው ስሙ ጎን «88» ብሎ ሲጽፍ ያዝኩት። ማንም እንዳላየው ነው የሚመስለው።

እሑድ ጠዋት ጉንዳን መሰላልን ቤታቸው ወሰደችው። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እኔ አልተጠራሁም፣ ቅር ብሎኛል። መሰላል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሩ ከቁመቱ ስለሚያጥር ጎንበስ ብሎ ቆመ። አባቷ ከፈቱ። የአሠሪያቸውን ልጅ መልክ ያውቁታል፣ ስንት ጊዜ በመኪና መስኮት አይተውታል። በሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ዓይናቸው ጉንጩ ላይ አረፈ።

«ማን መታህ?» አሉት።

«ድንጋይዎ ናት፣ ጋሼ» አላቸው።

«የቷ ድንጋይ?»

«ካባው ውስጥ የቀረችው። ከሆዷ ሥር የወፍ እግር ያለባት።»

ሽማግሌው መሮ ባደነደነው እጃቸው የልጁን አገጭ ይዘው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ልክ ልጃቸው እንዳደረገችው። አልቸኮሉም፣ የተላጠውን ቦታ ከላይ እስከ ታች አዩት። አንድ ድንጋይ ጨርሰው ሲያበቁ እንደዚያ ነው የሚያዩት አለችኝ ጉንዳን።

«ያቺን ምልክት የመታሁ ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር» አሉ። «እስካሁን ያያት ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

ከዚያ እጃቸውን ከአገጩ ወደ ትከሻው አወረዱና «ግባ፣ ራስህን እንዳትመታው፣ በሩ ዝቅ ይላል» አሉት።